ብራምሊ አፕል ያብባል እንጂ አያፈራም

ጥያቄ፦ ብራምሊ የሚባለው የጥንት የእንግሊዝ አፕል መነሻው የት ነው? የኔው በደንብ ያብባል፤ ፍሬ ግን አይዝም። አጠገቡ አንድ ሌላ አፕል አለ። ከዘሩስ ማባዛት ይቻላል?

መልስ 1፦ ሳውዝዌል፣ ኖቲንግሃምሻየር። ሜሪ አን ብሬይልስፎርድ የተባለች ልጅ እ.ኤ.አ. በ1809 ከዘራችው ፍሬ በቀለ። በኋላ ቤቱን የገዛው ማቲው ብራምሊ፣ ሥጋ ሻጭ ነበር፤ በ1856 ችግኝ አፍዪው ሄንሪ ሜሪዌዘር ቅርንጫፍ ቆርጦ ላባዛ ሲለው «በስሜ ይጠራ» ብሎ ፈቀደ። የዘራችው ልጅ ስም ሳይጠራ ቀረ! ከዘር ግን አታባዛ፤ የሚወጣልህ ሌላ አፕል ነው። ቅርንጫፉን ቆርጦ በሌላ አፕል ሥር ላይ አጣብቆ ማሳደግ (ግራፍት) ነው ያለው።

መልስ 2፦ የብራምሊ ክሮሞሶም (በሕዋስ ውስጥ ዘርን የሚሸከመው ክር) እንደ ብዙዎቹ አፕሎች 34 ሳይሆን 51 ነው። ይህ ለሁለት እኩል ስለማይከፈል የአበባ ዱቄቱ ለሌላ ዛፍ አይረባም፤ እሱ ግን ከሌላው መቀበል ይችላል። አጠገቡ ያለው አፕል አብሮት ካበበ ብራምሊው መያዝ ነበረበት፤ ፍሬ የሚያጣው ያ ሌላው አፕል ነው። ሁለቱም እንዲያፈሩ ከእነሱ ጋር በአንድ ጊዜ የሚያብብ፣ 34 ክሮሞሶም ያለው ሌላ ዓይነት ሦስተኛ አፕል ጨምር። መጀመሪያ ግን ውርጭን ጠርጥር፦ አበባውን ሰንጥቀህ እይ፣ መሃሉ ከጠቆረ ሞቷል።

መልስ 3፦ መግረዝህንም ተመልከት። ብራምሊ ከፍሬው ከፊሉን በቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ስለሚይዝ ጫፉን ሁሉ ከቆረጥክ ምርቱንም ቆረጥክ። ናይትሮጅን ያለው ማዳበሪያም አታብዛ፤ ቅጠል ብቻ ይሆናል፣ ፍሬውም ከልጣጩ ሥር ቡናማ ነጠብጣብ ያወጣል። ፍሬው ኮምጣጣ ነው፤ ሲቀቀል ሟሙቶ እንደ ገንፎ ይሆናል፣ ለጥሬ አይመረጥም።