የእናቴ ወገብ፡ ፊዚዮቴራፒ በስልክ ይሰራል ወይ?

የአዘዞዋ፡
ሰላም ጎንደሮች እንዴት ናችሁ። እናቴ ወገቧን ካመማት ከአመት በላይ ሆኗታል፣ እንጀራ ጋግራ ስትነሳ ግድግዳ ይዛ ነው ቀና የምትለው። ኤምአርአይ ተነስታ "ዲስክሽ ትንሽ ወጣ ብሏል፣ ለኦፕራሲዮን ግን አያደርስም" ተባለችና ፊዚዮቴራፒ ታዘዘላት። ችግሩ እኛ አዘዞ ነን፣ በየሳምንቱ ከተማ እየተመላለሰች ታክሲ ውስጥ መንገጫገጩ ራሱ እየባሰባት ሄዳ በመጣች ቁጥር ስታቃስት ነው የምታድር። አሁን ባለሙያዋ "ቤትሽ ሆነሽ ስሪ፣ በቴሌግራም ቪዲዮ እከታተልሻለሁ፣ አልፎ አልፎ ብቻ ትመጫለሽ" አለቻት። እናቴ ደሞ "ሳይነኩኝ፣ ማሽኑም ሳይኖር ምኑን ያድኑኛል?" ብላ እምቢ አለች። የሞከራችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ፣ የወገብ ቀበቶስ ልግዛላት?

ፊዚዮ ከማራኪ፡
እህቴ እናትሽን እግዜር ይማርልሽ። ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፣ ይሄን ጥያቄ ብዙ እናቶች ይጠይቁናል። ከ3 ወር ያለፈ የወገብ ህመም ላይ ማሸት ለጊዜው ያቀላል እንጂ ወገቡን የሚያጠነክረው እንቅስቃሴው ነው፣ እሱን ደሞ የምትሰራው ራሷ ናት። የኛ ስራ የሚሆናትን መምረጥ፣ ስትሰራ አይቶ ማረም፣ ሲቀላት መጨመር ሲያማት መቀነስ ነው፣ ይሄ ሁሉ በቪዲዮ ይታያል። ዋናው ነገር መጀመሪያ አንዴ በአካል በደንብ መታየቷ ነው፣ እሱ ደሞ አልፏል። ማሽኑን በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆች 2023 መጨረሻ ለዚህ ህመም ያወጣው መመሪያ ትምህርትና እንቅስቃሴን ሲደግፍ አልትራሳውንድ ማሽኑን፣ የኤሌክትሪኩን፣ መጎተቻውንም ቀበቶውንም በመደበኛነት እንዳይሰጡ ነው የሚለው፣ ስለዚህ ቤት ስለሆነች ምንም አይቀርባትም፣ የቀበቶውን ብር ለሌላ አድርጊው።

"ዲስክ ወጣ" ስለተባለውም ንገሪያት፣ ምንም የማያማቸው ሰዎች ኤምአርአይ ሲነሱ እንኳ በ20ዎቹ ካሉት 30 በመቶ፣ 80 አካባቢ ካሉት ደሞ 84 በመቶ ያህሉ ላይ ይታያል። ብዙ ሰው ይቺን ቃል ሰምቶ ይሰበርብኛል ብሎ ስለሚፈራ መንቀሳቀስ ያቆማል፣ የሚጎዳው እሱ ነው።

ባለባጃጁ፡
እኔ ቀኑን ሙሉ ባጃጅ ላይ ተቀምጬ ወገቤ አልቆ ነበር፣ በዚሁ መንገድ ነው የተሻለኝ። ኔት ስለሚቆራረጥ ቀጥታ ቪዲዮ አልሆን ሲለን ፊዚዮቴራፒስቴ እንቅስቃሴውን ቀድቶ ይልክልኛል፣ ማታ ኔት ሲሻል አወርደዋለሁ፣ ከዛ እኔ ስሰራ ወንድሜ ከጎን ይቀዳኛል እልክለታለሁ፣ እሱም በድምፅ "ጉልበትህን እጠፍ፣ ትንፋሽህን አትያዝ" እያለ ያርመኛል። ስልኩን ዝቅ አድርገሽ ከጎን አስቀምጪው፣ ከፊት ከሆነ ወገቧ አይታይም። አልጋ ላይ ሳይሆን መሬት ላይ ምንጣፍ አንጥፋ ትስራ። መጀመሪያ አካባቢ ትንሽ ይቆጠቁጣል፣ ያኔ ነው ብዙ ሰው ጥሎ የሚሄደው፣ አንቺ አበርቻት።

ነርሷ፡
ሁሉም ልክ ነው ግን አንድ ነገር ልጨምር። እግሯ ከሰነፈ፣ ሽንት እምቢ ካላት ወይ ካመለጣት፣ ጭኗ መሃል ከደነዘዛት ቪዲዮ የለም፣ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ይዘሻት ሂጂ። ትኩሳት፣ ሌሊት ላብ፣ ያለምክንያት መክሳት ካለም ቶሎ ትታይ፣ ቲቢ ሳንባ ላይ ብቻ የሚወጣ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው እንጂ የጀርባ አጥንትንም ይይዛል፣ በኛ አገር ደሞ መዘንጋት የለበትም።

የአዘዞዋ፡
ኧረ እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ካልሽው ምንም የለባትም፣ ግራ እግሯን ብቻ እስከ ባቷ ውርር ያደርጋታል፣ ይሄ በስልክ መከታተሉን ይከለክላል?

ፊዚዮ ከማራኪ፡
አይከለክልም፣ ግን ለባለሙያዋ ዛሬውኑ ንገሪያት። በቪዲዮው ላይ ግድግዳ ተደግፋ በተረከዟ ከዛ በጣቶቿ ቆማ ታሳያት፣ በግራው ካቃታት ወይ እግሯ መሬት መጎተት ከጀመረ በዛኑ ቀን በአካል ትምጣ። ሲሻላት በእግር መሄድ ትልመድ፣ በፈረንጆች 2024 ላንሴት የሚባል የህክምና መጽሔት ላይ በወጣ የአውስትራሊያ ጥናት ከዳኑ በኋላ በባለሙያ ምክር የእግር ጉዞ ከጀመሩት ሰዎች ግማሾቹ ላይ ህመሙ እስኪመለስ 208 ቀን ወስዷል፣ ካልጀመሩት ግማሾቹ ላይ ግን 112 ቀን። የአዘዞ ሜዳ ለዚህ ይመቻል፣ ጠዋት ጠዋት ካንቺ ጋር ቀስ ብላ ትውጣ።