ጥቆማ፦ ኮንዶር ወይስ ስለርም? መብራት ለሚሄድበት ላብ

ኮምቦልቻ የምትማር አንዲት እህት ጠየቀችኝ። የቦርከናን ተፋሰስ በስዋት (የተፋሰስን የውኃ ፍሰት በሚያሰላ የኮምፒውተር ሞዴል) እየሠራች ነው። መለኪያ እየቀያየረች ሞዴሉን ብዙ መቶ ጊዜ ማስኬድ አለባት። ላፕቶፗ ሌት ተቀን እያጓራ ሩቡን እንኳ አልጨረሰም። የኮምፒውተር ላቡ ውስጥ ደግሞ 18 ዴስክቶፕ ከ11 ሰዓት በኋላ ሥራ ፈትቶ ያድራል። "ሥራውን ለሁሉም የሚያከፋፍል ምን ልጫን?" አለችኝ።

አብሽሪ እህቴ፣ መላ አለው። ሥራን ለብዙ ኮምፒውተር የሚያከፋፍሉ ሁለት ፕሮግራሞች አሉ፦ ኤችቲኮንዶር (ባጭሩ ኮንዶር) እና ስለርም። ደሴ ላይ ላብ ስይዝ ሁለቱንም ጭኜ ሞክሬያለሁ። ላንቺ የምጠቁምሽ ኮንዶርን ነው።

ኮንዶር እ.ኤ.አ. በ1988 አሜሪካ፣ ዊስኮንሲን ማዲሰን ዩኒቨርሲቲ ሲጀመር ሐሳቡ ይኸው ነበር። ባለቤቱ ያልያዘውን ኮምፒውተር ሥራ ማስያዝ። ተማሪ መጥቶ ኪቦርድ ሲነካ ማሽኑን እንዲለቅለት ማዘዝ ትችያለሽ። ዊንዶውስ ላይም ይጫናል። ስለርም ሊኑክስ ይፈልጋል፤ ለስሌት ብቻ በተቀመጡ ማሽኖች ላይ፣ አንድ ሥራ ብዙ ማሽን ላይ ተባብሮ ሲሮጥ ግን እሱን የሚያህል አላየሁም። ያንቺ ሥራ ግን እያንዳንዱ ለብቻው የሚሮጥ ነው፣ እርስ በርሱ አይነጋገርም፤ ስለዚህ ኮንዶር ይበቃሻል። ቦይንክ የሚባለውን ሌላ ሥራ አከፋፋይ ፕሮግራም የጠቆመሽ ሰው ካለ ተዪው፤ በየቤቱ ላሉ በጎ ፈቃደኞች የተሠራ ነው፣ ለአንድ ላብ ብዙ ጣጣ አለው።

እኔን ከስለርም ያራቀኝ መብራት ነው። አንድ ሌሊት ሄዶ ጠዋት ሲመጣ 7 ማሽን "ዳውን" ሆኖ ጠበቀኝ። ኔትወርኩን ስፈትሽ ግማሽ ቀን ሄደ። በኋላ የአንዱን ሰዓት ሳየው ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ተመልሷል። የማዘርቦርዱ ባትሪ ሞቷል። ስለርም ማንነት የሚያረጋግጥበት ሙንጅ ደግሞ የማሽኖቹ ሰዓት ካልተቀራረበ አይቀበልም። ጥፋቱ የስለርም አልነበረም፤ ኮንዶርም በቶክን (ማሽኖቹ ማንነታቸውን በሚያረጋግጡበት የዲጂታል ፈቃድ) ስትጠቀሚ የተስተካከለ ሰዓት ይፈልጋል። ስለዚህ ምንም ከመጫንሽ በፊት 2032 የምትባለዋን ክብ ባትሪ ለሁሉም ቀይሪ፣ ሊኑክሶቹ ላይ ደግሞ ሰዓት የሚያስተካክለውን ክሮኒን ጫኚ። ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚገባበት ማስተካከያ) ውስጥ ገብተሽም መብራት ሲመለስ ማሽኑ ራሱ እንዲነሳ አድርጊ። እኔ ይህን ሳላውቅ በየሌሊቱ ቁልፍ ይዤ ላብ ስመላለስ ከርሜያለሁ።

አጫጫኑ ከባድ አይደለም። ሦስት ሚና አለ፦ አገናኝ ማሽን፣ ሥራ ማስገቢያ፣ ሠራተኞች። ለ18 ማሽን የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን አንድ ላይ አድርጊያቸው። የኮንዶር የራሱ መጫኛ ስክሪፕት ዝም ብለሽ ካስኬድሽው ምን እንደሚያደርግ ብቻ ያሳይሻል፤ "የእውነት ጫን" ብለሽ ማዘዝ አለብሽ። ማሽኖቹ እንዲገናኙ ፋየርዎል ላይ ፖርት 9618ን ክፈቺ።

አንድ ወጥመድ አለ። ከሊኑክስ ሥራ ስታስገቢ ኮንዶር ሳትነግሪው ሊኑክስ ማሽን ብቻ ይፈልጋል። እኔ ጋ 300 ሥራ ተሰልፎ ዊንዶውሶቹ ባዶ ተቀምጠው ነበር። ሰልፉን የሚያሳየውን ትዕዛዝ፣ ኮንዶር ኪውን፣ ከ"ቤተር አናላይዝ" ጋር ሳስኬደው የትኛው ማሽን ለምን እንዳልተመረጠ ዘርዝሮ ነገረኝ። ይህ ትዕዛዝ ብቻውን ኮንዶርን ያስወድዳል። ዊንዶውሶቹን ስትፈልጊ በማስገቢያው ፋይል ላይ ጻፊ፣ ሞዴሉንም የዊንዶውሱን አድርጊ።

ሥራውን ቆራርጪው፤ አንዱ ከ20 ወይም 30 ደቂቃ አይብለጥ። መብራት ሲሄድ ወይም ተማሪ ሲመጣ የተቋረጠው ሥራ መሃል ላይ ራሱን ካላስቀመጠ ከዜሮ ነው የሚጀምረው። ሰልፉ ግን አይጠፋም፣ ማስገቢያው ማሽን ዲስክ ላይ ተጽፏል። ማስገቢያው ብቻ ወድቆ በ40 ደቂቃ ውስጥ ከተነሳ ደግሞ ሌሎቹ ላይ የሚሮጡት ሥራዎች ሳይቋረጡ ይቀጥላሉ፤ ቅንብሩን ካልቀየርሽው የጊዜ ገደቡ ያ ነው።

ስለዚህ ብሩን እዚያ ማሽን ላይ አውጪ። ለ18ቱ ትናንሽ ዩፒኤስ ከመግዛት፣ ለማስገቢያውና ለስዊቹ አንድ ኢንቨርተር ከጥሩ ባትሪ ጋር ይሻላል። ትናንሾቹ ለጥቂት ደቂቃ ይይዛሉ፣ ባትሪያቸውም ቶሎ ይደክማል። ኢንቨርተሩን የሶላር ዕቃ የሚሸጡት ጋ ጠይቂ። ስትገዢ እዚያው ኮምፒውተር ሰክተው፣ መስመሩን ነቅለው ያሳዩሽ። ያጠፋፋል ወይስ ይዞ ይቀጥላል? ያጠፋፋ ከሆነ ተዪው።

የኔትወርክ ኬብልም ስትገዢ የሽቦውን ጫፍ በምላጭ ፍቂ። ውስጡ ነጭ ከሆነ አልሙኒየም ነው፤ መልሺ። እኔ ከአንድ ሱቅ ሙሉ ካርቶን ሳልፍቅ ገዝቼ፣ ሲታጠፍ እየተሰበረ መልሼ ዘርግቻለሁ።

ኢንተርኔቱ ካስቸገረሽ ፍላሽ ይዘሽ ደሴ ብቅ በይ። ፓኬጆቹን አውርጄ አስቀምጫቸዋለሁ፤ አንዱን ማሽን አብረን ጭነን ሌሎቹን ራስሽ ትጨርሺያለሽ።