ባሪየም ካርቦኔት በአሲድ ሲሟሟ ባሪየም ሰልፌት ለምን አይሟሟም?

የ12ኛ ክፍል ተማሪ፦
ጤና ይስጥልኝ። ባሪየም ካርቦኔትም ሆነ ባሪየም ሰልፌት በውሃ የማይሟሙ ነጭ ዱቄቶች እንደሆኑ ተምረናል። ቤተ ሙከራ ውስጥ የቀጠነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ስንጨምርባቸው ግን ካርቦኔቱ አረፋ እየደፈቀ ሙሉ በሙሉ ጠፋ፤ ሰልፌቱ ምንም አልሆነም። አሲዱ አንድ፣ ባሪየሙም ያው ሆኖ ሳለ ልዩነቱ ከየት መጣ?

የኬሚስትሪ መምህር፦
የሚያሳስተው «የማይሟሟ» የሚለው ቃል ነው። ፍጹም የማይሟሟ ጨው የለም፤ ባሪየም ሰልፌት እንኳ በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ከ2 እስከ 3 ሚሊግራም ይሟሟል። ከዱቄቱ የሚለቀቁት አዮኖች (የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው ቅንጣቶች) ተመልሰው ከሚጣበቁት ጋር እኩል ስለሚሆኑ ነገሩ የቆመ ይመስላል። አሲድ ሲገባ ግን የካርቦኔት አዮን የሃይድሮጅን አዮን እየተቀበለ መጀመሪያ ባይካርቦኔት፣ ቀጥሎም ካርቦኒክ አሲድ የተባለ ደካማ አሲድ ይሆናል፤ እርሱም ወደ ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይፈርሳል፣ ጋዙም ይወጣል። ባሪየሙ ተመልሶ የሚጣመረው ካርቦኔት ስለሚያጣ ዱቄቱ እስኪያልቅ ድረስ መሟሟቱን ይቀጥላል። ሰልፌት በአንጻሩ የጠንካራ አሲድ አዮን ስለሆነ በቀጠነ አሲድ ውስጥ ሃይድሮጅንን አጥብቆ አይይዝም። ሲልቨር ክሎራይድ በቀጠነ ናይትሪክ አሲድ የማይሟሟውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የላቦራቶሪ ባለሙያ፦
በመምህሩ ማብራሪያ እስማማለሁ፤ ይሁን እንጂ የደካማ አሲድ ጨው ሁሉ ይሟሟል ብሎ መደምደም አይገባም። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ደካማ አሲድ ነው፤ ሆኖም ዚንክ ሰልፋይድ በቀጠነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ሲሟሟ ኮፐር ሰልፋይድ አይሟሟም፤ የሚለቀው የሰልፋይድ አዮን እጅግ ጥቂት ከመሆኑ የተነሳ አሲዱ የሚይዘው አያገኝም። በነገራችን ላይ ልዩነቱ የሕይወትና የሞት ጉዳይም ነው፦ ባሪየም ካርቦኔት በጨጓራ አሲድ ሟሙቶ መርዛማ የባሪየም አዮን ስለሚለቅ የአይጥ መርዝ ሆኖ ያገለግል ነበር፤ ባሪየም ሰልፌትን ግን ታካሚዎች ለጨጓራ ራጅ ይጠጡታል።

የ12ኛ ክፍል ተማሪ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ካርቦኔቱን በቀጠነ ሰልፈሪክ አሲድ ስንሞክረው አረፋው ጥቂት ታይቶ የቆመው ታዲያ ለምንድን ነው?

የኬሚስትሪ መምህር፦
እዚያ ላይ የተለቀቀው ባሪየም ወዲያው ከሰልፌት ጋር ተጣምሮ የማይሟሟ ሽፋን ስለሚሠራ አሲዱ ከሥር ያለውን ካርቦኔት ሊደርስበት አይችልም። የእብነ በረድ ቁራጭም በሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ በካልሲየም ሰልፌት ተሸፍኖ እንዲሁ ይቆማል።