የሚሲሲፒ ትምህርት ተሻሽሏል ወይስ ቁጥሩ ነው ያማረው?

ጠያቂ፦ እ.ኤ.አ. በ2013 ሚሲሲፒ በአራተኛ ክፍል ንባብ ከአሜሪካ ስቴቶች ጭራ ላይ ከነበሩት አንዷ ነበረች። ኔፕ በሚባለው አገር አቀፍ ፈተና እሷ 209፣ የአገሪቱ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች አማካይ 221። በ2024 እሷ 219፣ አማካዩ 214። ታዲያ የስቴቷ ትምህርት ተሻሽሏል ትላላችሁ?

ጠመኔ፦ ኧረ ቀስ! በ2013 የወጣው ሕጓ ሦስተኛ ክፍል ላይ ማንበብ ያቃተው ልጅ ወደ አራተኛ እንዳያልፍ ያዛል። ደካሞቹን አስቀርተህ ሌላውን ብትፈትን ውጤቱ ከፍ ባይል ነበር የሚገርመው።

ቁጥር ወዳድ፦ የደገመው ልጅ እኮ አይጠፋም ወንድሜ፤ በዓመቱ አራተኛ ይገባል። ደግሞ ሁሉም የሚያወራው ስለ ማስደገሙ ብቻ ነው። ስቴቷ መምህራኗን ፊደልን ከድምፅ እያገናኙ እንዲያስነብቡ አሠልጥናለች። ውጤታቸው ዝቅ ላለ ትምህርት ቤቶች የንባብ አሠልጣኝ መድባለች፤ አሠልጣኙ ክፍል ገብቶ መምህሩን ያግዛል። ልጁም ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ ስለሚመዘን ችግሩ ሦስተኛ ክፍል ላይ ዱብ ዕዳ አይሆንም። ይሄን ሁሉ ትቶ "ማጭበርበር ነው" ማለት በመምህራኑ ላይ ግፍ ነው።

ጠመኔ፦ ማጭበርበር ያለው ማን ነው? ያላልኩትን አታስብለኝ። ቁጥር ከወደድክ እንቁጠር፦ በ12 ነጥብ ትመራ የነበረች ስቴት በ5 መራች፤ 17 ነጥብ ተገለበጠ። 7ቱ የአገሪቱ አማካይ ስለወረደ የመጣ ነው።

ቁጥር ወዳድ፦ መጀመሪያ በ12 ትመራ ሳይሆን ትከተል ነበር በል። 10ሩ ግን የራሷ ነው፤ ያውም ኮቪድ መሃል ገብቶ።

እናት፦ ሁለታችሁም አራተኛ ክፍል ላይ ደገማችሁ! የስምንተኛ ክፍል ንባብስ? በ2013 253፣ በ2024ም 253። "ልጆቹ ገና አልደረሱም" እንዳትሉኝ፤ የ2024ቱ ስምንተኛ ክፍሎች ትምህርት ሲጀምሩ ሕጉ ወጥቶ ነበር። ቃሉን እያነበበ ሐሳቡ የማይገባው ልጅ የሳይንስና የታሪክ መጽሐፍ ይዞ ምን ያደርጋል? ሕጉ ይቅር አላልኩም፤ ስቴቷን ጎበዝ ለማለት ግን አልቸኩልም።

አንጋፋው፦ ድህነቱንስ ለምን ዘለልሽው ልጄ? ሚሲሲፒ ከድሃዎቹ ስቴቶች ተርታ ናት። ከሀብታሟ ስቴት ከማሳቹሴትስ ጋር እኩል ማስሮጥ ፍርደ ገምድልነት ነው። የድሃ ልጅ ከድሃ ልጅ ጋር ይወዳደር።

እናት፦ ጋሼ፣ የትምህርት ቢሮውን ሥራ ለመመዘን ከሆነ እስማማለሁ። ልጁ ኮሌጅ ሲገባ ግን የቤተሰቡን ገቢ አይቶ መጽሐፉን የሚያቀልለት የለም።

ጠያቂ፦ ሂሳቡስ?

ቁጥር ወዳድ፦ በ2024 አራተኛ ክፍል 239፣ አማካዩ 237። ስምንተኛ ላይ 269፣ አማካዩ 272።

ጠመኔ፦ እዚያም ስምንተኛ ላይ።