ከስትሮክ በኋላ ሙዚየም ሄዶ ስዕልና ሸክላ መሥራት ይጠቅማል? እናቴን ልውሰዳት?

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴን ስትሮክ ከመታት ስምንት ወር ሆናት። ቀኝ እጇ አሁንም ደካማ ነው። ማለት የፈለገችውን ታውቀዋለች፣ ቃሉ ግን አይመጣላትም። ቴራፒስቷ ሙዚየም ውስጥ ስዕልና ሸክላ የሚሠሩበት ፕሮግራም ትሞክር አለችን። እማዬ ግን በስንት ትግል «ልጅ ነኝ?» አለችኝ። ቀኑን ሙሉ መስኮት ሥር ነው የምትቀመጠው፣ አንጀቴን ትበላኛለች። የሞከረ ሰው አለ?

ነርሷ፦
እህቴ፣ እግዚአብሔር ይማርልሽ። ቀኝ እጅና ንግግር አብረው የሚጎዱት አብዛኛውን ጊዜ ጉዳቱ በግራ የአንጎል ክፍል ሲሆን ነው። አንጎል ደግሞ አዲስ መንገድ የሚያበጀው በመደጋገም ነው። ኳስ ጨብጪ ልቀቂ ሲባል ሰው ቶሎ ይሰለቻል፤ ሸክላ ሲያድበለብል ግን ያንኑ እንቅስቃሴ ሳይቆጥረው ደጋግሞ ይሠራዋል። ካናዳ ያለው የሞንትሪያል የሥነ ጥበብ ሙዚየም በእ.ኤ.አ. 2018 ሐኪሞች ለበሽተኛ የሙዚየም ጉብኝት እንደ መድኃኒት እንዲያዙ አድርጎ ነበር፣ በነጻ ነበር የሚገቡት። መስኮት ሥር መዋሏን ግን ለሐኪሟ ንገሪ። ከስትሮክ በኋላ ከሦስት ሰው አንዱን ገደማ ድብርት ይይዘዋል፣ መታከም አለበት። የደም ግፊት መድኃኒት የምትወስድ ከሆነም እንዳይቋረጥ።

የአባቱ ልጅ፦
እኔ አባቴን እዚሁ አሜሪካ፣ ባልቲሞር ከተማ ያለው ዋልተርስ ሙዚየም ወስጄው ነበር። መግቢያው ነጻ ነው፣ የአገራችን ሥዕሎች፣ የብራና መጻሕፍትና መስቀሎች በብዛት አሉ። ስሜን እንኳ በቅጡ መጥራት ያቃተው ሰውዬ የእመቤታችን ሥዕል ፊት ስንደርስ ዊልቸሩን በእጁ አስቆመኝና «በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል» ብሎ ጀመረ። አላቆመም፣ እስከ መጨረሻው ደገመው። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። ዳነ ማለቴ አይደለም፣ ቤት ስንመለስ ቃላቱ እንደገና ጠፉበት፣ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ራሱ «እንሂድ» ይለኛል። ጠዋት ሂጂ። ሁለት ክፍል ካያችሁ ይበቃል፣ የስትሮክ ድካም እኛ እንደምናውቀው ድካም አይደለም።

ነርሷ፦
ይሄ የታወቀ ነገር ነው። በቃል የተያዘ ጸሎትና መዝሙር ተራ ንግግር ሲጠፋም ብዙ ጊዜ ይተርፋል። ቤትም አብረሻት ዘምሪ።

የአዲስ አበባዋ፦
እናትሽ ድሮ በእጇ ምን ትሠራ ነበር? እኛ አክስቴን ስድስት ኪሎ፣ የጃንሆይ ቤተ መንግሥት የነበረው ሙዚየም ወሰድናት። የስፌት ዕቃዎቹን ስታይ ዓይኗ በራ። ቤት እንደገባን ስንደዶና አክርማ አምጡልኝ አለች። መጀመሪያ ደካማው እጇ ስፌቱን ደግፎ ይይዛል፣ ደህናው በወስፌ ይወጋል። አሁን ሁለቱም ይሠራሉ፣ ቀስ ብለው። እናትሽን «ስዕል ሳዪ» አትበያት፣ የምታውቀውን ሥራ ስጫት።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦
እማዬ ፈታይ ነበረች! የአባቴን ጋቢ የፈተለችው እሷ ናት። እንዴት እስከዛሬ አልታሰበኝም። ቅዳሜ ጠዋት ባልቲሞር እንሄዳለን። እዚህ አካባቢ እንዝርትና ጥጥ የት እንደሚገኝ የምታውቁ ንገሩኝ።