ከአሮጌ ሳህንና ብርጭቆ የሚሠራ የአትክልት ቦታ ጌጥ፦ የትኛው ማጣበቂያ ዝናብና ፀሐይ ይችላል?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ያገለገሉ ሳህኖች፣ የብርጭቆ ጎድጓዳዎች፣ ስኒዎችና አንድ ትልቅ የብረት ማንቆርቆሪያ አሉኝ። ልጥላቸው አንጀቴ እምቢ አለኝ። ሳህኖቹን ከትልቅ ወደ ትንሽ ደራርቤ፣ አበባ አስመስዬ አትክልቱ መሀል ላቆማቸው አስቤያለሁ። የጨነቀኝ ማጣበቂያው ነው። አንዱ ሱፐር ግሉ ይላል፣ ሌላው ኢፖክሲ፣ ሌላው ሲሊኮን። ደጅ ውሎ ለሚያድር ነገር የቱ ይሻላል? ሳህኑን ሳልበሳ ዘንግ ላይ ማቆምስ ይቻላል?

መልስ፦
እህቴ፣ ሲሊኮን ነው የሚያዋጣሽ። ለደጅ የሚሆነውን፣ 100% ሲሊኮን የሚለውን ምረጪ። ሱፐር ግሉ ቶሎ ይይዛል፤ ከደረቀ በኋላ ግን አይለጠጥም። ሳህንና ብርጭቆ ፀሐይ ሲመታቸው ይሰፋሉ፣ ሲቀዘቅዙ ይኮማተራሉ፤ ያውም እኩል አይደለም። ይህ ሲደጋገም ማጣበቂያው ይሰነጠቃል፣ ውሃ ይገባዋል፣ ከዚያ ይለቃል። ሲሊኮን እንደ ጎማ አብሮ ይሳባል። ኢፖክሲ ጠንካራ ነው፤ ብዙው ዓይነት ግን ፀሐይ ሲበዛበት ቢጫ ይሆናል። በብርጭቆ ውስጥ ደግሞ ያ ቢጫ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

አብዛኛውን ጊዜ ሥራውን የሚያበላሸው ግን ቅባት ነው። ዕቃውን በሳሙና እጠቢ፣ በደንብ አድርቂ፣ የሚጣበቀውን ቦታ በአልኮል ጥረጊ፤ ከዚያ በኋላ በጣት አትንኪው። በጣም የሚያንሸራትት ከሆነ ቦታውን በብርጭቆ ወረቀት ትንሽ ፈግፈግ አድርጊው። ሲሊኮኑን ዙሪያውን ዘግተሽ አትቀቢ፣ ክፍተት ተይለት። የሚደርቀው ከአየር እርጥበት እያገኘ ስለሆነ መሀሉ ታፍኖ እርጥብ ሊቀር ይችላል። አጋድመሽ ቢያንስ 24 ሰዓት ተይው፤ ወፍራም ከሆነ 48። እባክሽ አትቸኩዪ፣ እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው።

ሌላ መልስ፦
መብሳት አያስፈልግም። አንገቷ ጠበብ ያለች ትንሽ ጠርሙስ ከሳህኑ ጀርባ አጣብቂ፤ አፏ ወደ ታች ይሁን። ፌሮ ወይም ቀጭን ቱቦ መሬት ውስጥ በደንብ ትከዪና ጠርሙሷን እላዩ ላይ አጥልቂ። በቃ። ነፋስ ሲበረታ አንስተሽ ታስገቢዋለሽ፣ ማጠቡም ይቀላል። ሳህኑ ከባድ ከሆነ ጠርሙሷን ከመሀል ትንሽ ከፍ አድርገሽ አጣብቂ፣ አለዚያ ወደ ፊት ያዘነብላል።

ሌላ መልስ፦
ከብረት ጋር ስለምሠራ አንድ ነገር ልጨምር። ሲደርቅ የኮምጣጤ ሽታ ያለው ሲሊኮን አለ። ለሳህንና ለብርጭቆ ምንም አይልም። መዳብ፣ ነሐስና ዚንክ የተቀባ ብረት ላይ ግን አሲዱ ጉዳት ያመጣል። ብረት ካለበት ኒውትራል የሚባለውን ተጠቀሚ።

ጠያቂዋ፦
በጣም አመሰግናለሁ፣ የጠርሙሷ ዘዴ ገላገለችኝ! ማንቆርቆሪያው ውስጥስ አበባ ብተክል?

መልስ፦
ያምራል። ግን ውሃ መውጫ ከሌለው ሥሩ ይበሰብሳል፤ የማንቆርቆሪያው ታች ላይ ሦስት አራት ቀዳዳ አውጪ። ለብረቱ ተራ የብረት ፑንታ ይበቃል። ስኒዎቹንም መብሳት ካሰብሽ የአልማዝ ጫፍ ያለው ፑንታ ያስፈልግሻል። ቦታውን በፕላስተር ሸፍኚ፣ የድሪሉን የመዶሻ ሁነታ (እየመታ የሚበሳበትን) አጥፍተሽ ቀስ ብለሽ አዙሪው፣ ውሃ ጠብ ጠብ እያደረግሽ አቀዝቅዢው። የዓይን መነጽር ሳታደርጊ አትጀምሪ። የኤሌክትሪክ ድሪል ከሆነ ውሃው ወደ ሞተሩ እንዳይደርስ አደራ፤ በባትሪ የሚሠራው ይሻላል።

ቀና ብለው የሚቆሙ ስኒዎችና ጎድጓዳዎች ውሃ እንዳይዙ ዘንበል አድርጊያቸው። ሙቀት ባለበት ቦታ ትንኝ ከእንቁላል ተነስታ ለመብረር ከ7 እስከ 10 ቀን ይበቃታል። ውሃ በረዶ ሲሆን 9% ገደማ ስለሚሰፋ፣ ውርጭ ባለበት አገር የተጠራቀመው ውሃ ዕቃውን ይሰነጥቀዋል።

ሌላ መልስ፦
አሮጌ ቀለምና አሮጌ የሳህን ቅብ እርሳስ ሊኖርበት ይችላል። የተቀባ ዕቃ ካለሽ በደረቁ አትፈግፍጊው፣ አቧራው በተለይ ለሕፃናት መጥፎ ነው። እንዲህ ያለውን ዕቃ ለጌጥ ብቻ አድርጊው፤ የሚበላ ነገር አትትከዪበት፣ ለወፎችም ውሃ አታስቀምጪበት።