ቪትዝ ኩርባ ላይ ከፊት ይንሸራተታል፤ ከየት ልጀምር?

ባለቪትዝ (አዳማ)
ሰላም ለሁላችሁ። መኪናው የመጀመሪያው ትውልድ ቶዮታ ቪትዝ ነው፤ ጎማው 175/65 አር14፣ ሾክ አብዞርበሮቹ አዲስ። እዚህ አዳማ ለልምምድ በተዘጋ አስፋልት ላይ ኩርባ ሲገባ መጀመሪያ መሪውን ይታዘዛል፣ መሀል ላይ ግን ድንገት ከፊት ለቆ ወደ ውጭ ይሄዳል። ሞላዎቹ አራቱም አንድ አንድ ዙር ተቆርጠዋል። የጎማ ንፋስ ሳይሞቅ 35 ፒኤስአይ። አላይመንቱ (የጎማዎቹ አቀማመጥ ልክ) «ልክ ነው» ተብያለሁ፤ ቁጥሩ የተጻፈበት ወረቀት ግን አልተሰጠኝም። ከፊት ወፍራም ስታቢላይዘር (መኪናው እንዳያጋድል የሚይዘውን ብረት) ልግጠም? በዚሁ መኪና በፈጣን መንገዱ አዲስ አበባ እመላለሳለሁ።

ሲባጎ
ስታቢላይዘሩን ተወው ወንድሜ። ከፊት ባወፈርከው ቁጥር ኩርባ ላይ የፊት የውጭ ጎማ የበለጠ ክብደት ይሸከማል፤ እየተሸነፈ ያለው ደግሞ ያው ጎማ ነው።

መጀመሪያ ንፋሱን አስተካክል። የጎማውን ትከሻ ከጥርሱ እስከ ጎኑ በጠመኔ አስምርና አራት አምስት ዙር ንዳ። ጠመኔው ጎን ላይ ያለችው ትንሽዬ ሦስት ማዕዘን ምልክት ድረስ ብቻ መጥፋት አለበት። አልፏት ከጠፋ ንፋሱ አንሷል፤ ሳይደርስባት ከቀረ በዝቷል። ንፋሱን የምትለካው እንደቆምክ፣ ጎማው ሳይበርድ ነው። የጎማው ሙቀት 10 ዲግሪ ሲጨምር ንፋሱ ወደ 1.5 ፒኤስአይ ይጨምራል፤ ስለዚህ አዳማ ላይ ጠዋት የሞላኸው ቀትር ላይ ሌላ ቁጥር ነው።

ባለሞላ
ከጻፍከው ሁሉ ዋናው ቃል «ድንገት» የሚለው ነው። የጎማ ችግር ቢሆን ቀስ እያለ ይመጣ ነበር። ሞላው ተቆርጦ መኪናው ሲወርድ ሾኩ የቀረው መንገድ ያጥራል፤ መኪናው ኩርባ ላይ ሲያጋድል ዘንጉ ላይ ያለው ጎሚኒ (የሾኩን ጉዞ መጨረሻ ላይ የሚያቆመው ላስቲክ) ይነካል። ያን ጊዜ የፊቱ ጥንካሬ በአንዴ ይዘልና ጎማው ይለቃል።

ለማረጋገጥ የአቧራ መከላከያውን ወደ ላይ ሰብስብና ዘንጉ ላይ የፕላስቲክ ገመድ ማሰሪያ ጠበቅ አድርገህ እሰር። ነድተህ ስትመለስ ማሰሪያው ተገፍቶ ጎሚኒው ጋ ከደረሰ መልሱ እሱ ነው። ጎሚኒውን ቆርጠህ ለመገላገል እንዳታስብ፤ ያለሱ ሾኩ ውስጡ እየተጋጨ ይሰበራል።

መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ የታችኛውን አርምም (ጎማውን ከቻሲው ጋር የሚያገናኘውን ብረት) እይ። የጎማው በኩል ከቻሲው በኩል ከፍ ካለ መኪናው ከመጠን በላይ ወርዷል። በዚህ ዓይነት ሳስፔንሽን እንዲህ ሲወርድ፣ ዝቅ ብሎም እንኳ የማጋደል ዝንባሌው ይብሳል፤ ሲያጋድልም ካምበሩ (የጎማው ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ማዘንበል) በትክክል አይከተልም። ያልተቆረጠ ሞላ መልስ። ዝቅ ይበል ካልክ ለዚያው የተሠራ አጭርና ጠንካራ ሞላ፣ የሚወርደው ከ30 ሚሊ ሜትር ሳያልፍ።

ባለቪትዝ
አየሁት። ማሰሪያው በሁለቱም በኩል ጎሚኒው ጋ ደርሷል፤ አርሙም ወደ ጎማው ሽቅብ ነው። ሞላውን እመልሳለሁ። ካምበሩስ?

ሲባጎ
ቪትዝ ላይ ከፋብሪካው የካምበር ማስተካከያ የለም። ሾኩን ከጎማው መያዣ ጋር ከሚያስሩት ሁለት ቡሎኖች የላይኛውን በካምበር ቡሎን ቀይር። ከፊት ከነጌቲቭ (የጎማው አናት ወደ ውስጥ ያዘነበለ) 1.5 እስከ 2 ዲግሪ ይበቃሃል፤ ቀኝና ግራ ከሩብ ዲግሪ በላይ እንዳይለያዩ። ጎማው ወደ ሾኩ ስለሚጠጋ ቢያንስ 5 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይቅር። ካምበር ሲነካ ቶም (የጎማዎቹ ፊት ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ መዞር) ይለወጣልና አላይመንቱን የምታሠራው በመጨረሻ ነው፤ ወረቀቱንም ተቀበል። ፈጣን መንገድ ለሚሄድ መኪና ከፊት ቶ ዜሮ። ወደ ውጭ 2 ሚሊ ሜትር ቢከፈት ኩርባ አገባቡ ይፈጥናል፤ ግን ጎማውን ከውስጥ በኩል ይበላል፣ በነፋስ ጊዜም መሪው አያርፍም።

ዙሪያ
የኋላውን ሳትረሱት። ሞላውና ካምበሩ ተስተካክሎ አሁንም ከፊት የሚለቅ ከሆነ የኋላ ጎማዎችን ንፋስ 2 ፒኤስአይ ጨምር፤ ያ ካነሰ የኋላው አክስል ላይ የሚታሰር ስታቢላይዘር አለ። ሁለቱን በአንዴ አትሞክር። የኋላው ከጠነከረ ኩርባ መሀል ነዳጅ ድንገት ስትለቅ ጀርባው ይዞራል፤ ዝናብ ላይ ደግሞ ይብሳል። ያን ጊዜ ፍሬን አይነካም፤ መሪውን ወደሚንሸራተትበት አቅጣጫ መልሰህ ነዳጅ በትንሹ ስጥ።

ለመፈተን 30 ሜትር ስፋት ያለው ክብ በኮን ምልክት አድርገህ በአንድ ፍጥነት ዙር፣ በቀኝም በግራም። በአንዱ አቅጣጫ ብቻ ከለቀቀ ቀኝና ግራ ያለውን ከፍታ ከቸርኬው መሀል እስከ ፓራፋንጎው ጫፍ ለካ፤ ሞላ በእጅ ሲቆረጥ እኩል የሚወጣበት ጊዜ ጥቂት ነው።